ሁለት ሚዛን በአንድ ከረጢት

የእግዚአብሔር ቃል ለሰው ልጅ የተሰጠው በቤተ መቅደስ ተነቦ፣ በጆሮ ተሰምቶ፣ መጽሐፉ በተዘጋ ጊዜ አብሮ እንዲዘጋ አይደለም። ከምእመኑ ጋር ከቅጽሩ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲገባ፣ ወደ ገበያና ወደ ሥራ ስፍራው እንዲከተለው፣ በሚገዛበትና በሚሸጥበት፣ በሚናገርበትና በሚፈርድበት ሰዓት ሁሉ መሪ እንዲሆነው ነው እንጂ። ስለዚህ የቅዱሳት መጻሕፍትን ጥበብ ለመማር የሚወድ ክርስቲያን፣ ምስጢሩንና ትርጓሜውን ከጠየቀ በኋላ፣ «ይህ ቃል ከዕለት ሥራዬ የትኛውን ይመለከታል?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ከብዙው የመጻሕፍት ጥበብ አንዱን ብቻ መርጠን እንመለከታለን፤ ይኸውም የሚዛን ነገር ነው። ምናልባት ከአንባብያን አንዳንዱ፣ «ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ቅዱስ ቍርባን ማስተማር ሲቻል ስለ ነጋዴ ሚዛንና ስለ እህል መስፈሪያ መጻፍ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን መጻሕፍትን በማስተዋል ያነበበ ሰው፣ መንፈስ ቅዱስ ስለ ሚዛን በሕግም፣ በጥበብም፣ በነቢያትም፣ በወንጌልም ደጋግሞ እንደ ተናገረ ያውቃል። እግዚአብሔር አምላካችን ሊናገርበት ያልናቀውን ነገር እኛ ለማስተማር ልንንቀው አይገባንም።

ሚዛን በሕግና በነቢያት

አስቀድመን ሕገ ኦሪትን እንመልከት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እግዚአብሔር ሕዝቡን፣ እርሱ ቅዱስ እንደ ሆነ እነርሱም ቅዱሳን እንዲሆኑ ያዝዛል። ሰው ባልንጀራውን እንደ ራሱ እንዲወድድ የሚያዝዘው ታላቁ ቃልም በዚሁ ምዕራፍ በቍጥር 18 ይገኛል። ከዚያም ምዕራፉ ሊፈጸም ሲል በቍጥር 35 እና 36፣ በሚዛንና በመስፈሪያ ዐመፃ እንዳይደረግ፣ የሚዛኑ ድንጋይ፣ የእህሉና የፈሳሹ መስፈሪያ ሁሉ እውነተኛ እንዲሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ቅድስናና ሚዛን፣ ፍቅረ ቢጽና መስፈሪያ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ መገኘታቸው በከንቱ አይደለም። ባልንጀራውን እወድዳለሁ የሚል ሰው ፍቅሩ ከሚታይበት ስፍራ አንዱ እጁ ሚዛኑን የያዘበት ሰዓት እንደ ሆነ ያስተምረናል።

ከዚህም ጋር እግዚአብሔር ትእዛዙን የፈጸመው ከግብፅ ምድር ያወጣቸው አምላክ እርሱ መሆኑን በማሳሰብ ነው። ስለ ሚዛን ሲናገር ግብፅን ማንሣቱ ስለ ምን ነው? እስራኤል በግብፅ ሳሉ በሁለት ሚዛን የተመዘኑ ሕዝብ ስለ ነበሩ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው ፈርዖን ለጡብ የሚሆነውን ጭድ ከለከላቸው፤ የጡቡን ቍጥር ግን እንደ ቀድሞው አድርጎ ጠየቃቸው። በሚሰጥበት መስፈሪያ አጐደለ፣ በሚቀበልበት መስፈሪያ ግን ምንም አላጐደለም። እንዲህ ያለውን ግፍ ቀምሶ የወጣ ሕዝብ ዞሮ በወንድሙ ላይ ያንኑ ግፍ ቢያደርግ፣ ከግብፅ ወጣ እንጂ ግብፅ ከልቡ አልወጣችም ማለት ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ከቍጥር 13 ጀምሮ ያለው ትእዛዝ ደግሞ ነገሩን ጠለቅ አድርጎ ያሳያል። በዚያ ዘመን ነጋዴ ብሩንና ዕቃውን የሚመዝንባቸውን ድንጋዮች በከረጢት ይዞ ይዞር ነበር። በዕብራይስጡም መመዘኛው «ድንጋይ» ተብሎ ይጠራል። በይሁዳ ምድር በተደረጉ ቍፋሮዎች እንዲህ ያሉ ክብ የኖራ ድንጋዮች ክብደታቸው ተቀርጾባቸው ተገኝተዋል፤ የአንዱ ሰቅል ድንጋይ ክብደት ከ11 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነው። አታላዩ ነጋዴ ግን በአንዱ ከረጢት ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይይዛል፤ ሲገዛ ትልቁን፣ ሲሸጥ ትንሹን ያወጣል። ድንጋዮቹ በመልክ ይመሳሰላሉና ገዢው አያውቅም። ሕጉ ታዲያ በሁለት ሚዛን መመዘንን ብቻ ሳይሆን፣ ሁለቱን በአንድ ከረጢት ይዞ መገኘትን ራሱን ከለከለ። ኀጢአቱ እጅ ወደ ከረጢቱ ከመግባቱ በፊት በልብ ተሰናድቶ ይቆያልና።

ጠቢቡ ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ ይህንን ነገር ደጋግሞ ያነሣል። በምዕራፍ 11፥1 ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ፣ እውነተኛው ግን ደስ እንደሚያሰኘው ይናገራል። በምዕራፍ 20 ደግሞ በቍጥር 10 እና በቍጥር 23 ሁለት ጊዜ ይመለስበታል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው በምዕራፍ 16፥11 ያለው ነው። በዚያ ስፍራ ጠቢቡ፣ እውነተኛ ሚዛን የእግዚአብሔር ገንዘብ እንደ ሆነ፣ በከረጢት ያሉት መመዘኛዎችም ሁሉ የእርሱ ሥራ እንደ ሆኑ ያስተምራል። እንግዲህ ነጋዴው ሱቁ የራሱ ነው፣ እህሉም የራሱ ነው፤ ሚዛኑ ግን የራሱ አይደለም። በሚዛኑ የሚያታልል ሰው ገዢውን ብቻ የበደለ አይምሰለው፤ የእግዚአብሔርን ንዋይ ለሐሰት ሥራ ያዋለ ነው።

ከጌታችን ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የተነሣው እረኛው ነቢይ አሞጽ ደግሞ በዘመኑ የነበሩትን ነጋዴዎች ይወቅሳል። እነርሱ መባቻውንና ሰንበትን ያከብሩ ነበር፤ በዓል አልሻሩም፣ ሱቅም አልከፈቱም። ነገር ግን በምዕራፍ 8፥5 እንደምናነበው፣ መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ዋጋውን አብዝተው፣ በሐሰተኛ ሚዛን አታልለው እህላቸውን ይሸጡ ዘንድ በዓሉ የሚያልፍበትን ሰዓት ይናፍቁ ነበር። በአካል በሰንበት ውስጥ ነበሩ፤ በልብ ግን በገበያ ውስጥ ነበሩ። ይህ ቃል የተነገረው ለአሕዛብ ሳይሆን በዓል አክባሪ ለሆነ ሕዝብ መሆኑን ስናስብ ልንፈራ ይገባናል።

ጾመኛው ነጋዴ

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ነገሩ ግልጥ እንዲሆንልን በምሳሌ እንመልከተው። በአንድ መንደር ውስጥ ዱቄት የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ይህ ሰው ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ሳያጐድል ይፈጽማል፣ ማኅበር ይጠጣል፣ ዝክር ያወጣል። ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ኪሎ ግን 100 ግራም ያጐድላል። በቀን 50 ኪሎ ቢሸጥ በየቀኑ 5 ኪሎ ያስቀራል። በዓመት ውስጥ 300 ቀን ቢሠራ ያስቀረው ዱቄት 1,500 ኪሎ፣ ማለት 15 ኩንታል ይሆናል። ለዓመቱ ክብረ በዓል አንድ ኩንታል ዱቄት ለቤተ ክርስቲያን ቢያበረክት ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ እርሱም በልቡ ደስ ይለዋል። ነገር ግን 15 ወስዶ 1 የሰጠ ሰው ምን ሰጠ ይባላል?

ከእርሱ የምትገዛውን አንዲት እናት ደግሞ እናስብ። የቀን ሥራ ሠርታ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ለልጆቿ ራት አንድ ኪሎ ትገዛለች። በያንዳንዱ ቀን 100 ግራም ሲጐድልባት፣ በ300 ቀን 30 ኪሎ ታጣለች። ይህም በቀን አንድ ኪሎ ለሚበላ ቤተ ሰብ የአንድ ወር ቀለብ ነው። ልጆቿ ማታ ማታ፣ «እናታችን ሆይ፣ ዛሬ እንጀራው ለምን አነሰ?» ብለው ቢጠይቋት መልስ የላትም፤ እርሷ ሙሉ ዋጋ ከፍላለችና። ነጋዴው ግን ልጆቿን አላያቸውም። ሚዛኑ በጣቱ ሥር ጥቂት ሲያዘነብል ብቻ አይቷል። የሐሰተኛ ሚዛን ክፋቱ ይህ ነው፤ የሚያስለቅሰውን ሰው ፊት ሳያሳይ ያስለቅሳል።

ጠቢቡ ሲራክ፣ ከድሃ ገንዘብ ነጥቆ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው፣ ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ቃሉ እጅግ የከበደ ነው፤ ነገር ግን የድሃ እንጀራ የድሃ ሕይወት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያስተውላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት በ50ኛው ድርሳኑ፣ መበለቶችንና እጓለ ማውታን ገፍፎ ለቅዱሱ ማዕድ የወርቅ ጽዋ ማቅረብ ለድኅነት ይበቃል ብለን እንዳናስብ አስተምሯል።

በሚዛን ከማጐደል የማይለይ ሌላም ክፋት አለ፤ ይኸውም ዕቃን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀል ነው። በቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በማር ውስጥ ስኳር፣ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚጨምር ሰው ኪሎው ሙሉ ቢሆንም ሚዛኑ ሐሰተኛ ነው። ይህ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጤንነትንም ይነካልና በደሉ እጥፍ ነው። እንደዚሁም ሰው በተራበ ጊዜ ዋጋ ይወደድልኛል ብሎ እህል የሚደብቀውን ሰው ሕዝብ እንደሚረግመው፣ በሚሸጠው ላይ ግን በረከት እንደሚወርድ በመጽሐፈ ምሳሌ 11፥26 ተነግሯል።

የሰበብ ብዛት

በዚህ ኀጢአት የተያዘ ሰው ብዙ ሰበብ ያቀርባል። አንዱ፣ «ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ እኔ ብቻዬን እውነተኛ ብሆን እከስራለሁ» ይላል። ነገር ግን በፍርድ ቀን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ሚዛን ይጠየቃል እንጂ ስለ ገበያው ሁሉ አይጠየቅም። ንጉሡ ብልጣሶር በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 በሚዛን ተመዝኖ ጐድሎ በተገኘ ጊዜ፣ የሌሎች ነገሥታት ክፋት ለእርሱ መከላከያ አልሆነውም።

ሌላው፣ «እኔንም ጅምላ ሻጩ አጕድሎብኛልና እኔም ባጐድል ማካካሻ ነው» ይላል። ይህ ግን ሌባ የሰረቀው ሰው ዞሮ ምንም ያልበደለውን ጎረቤቱን እንደ መስረቅ ነው። ክፉ ነገር ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ ከእኛ ዘንድ እንዲቆም እንጂ በእኛ በኩል አልፎ ወደ ደካማው እንዲወርድ አልተጠራንም።

ሦስተኛውም፣ «ጥቂት ናት» ይላል። ጥቂቷ በየቀኑ ስትደመር ምን ያህል እንደምትሆን ከላይ አይተናል። በነፍስ በኩል ደግሞ ጥቂት የሚባል ሐሰት የለም። ጣቱን ሚዛኑ ላይ ማሳረፍን የለመደ ሰው፣ ነገ በምስክር ወንበር ላይ በቆመ ጊዜ ምላሱንም እንዲሁ ያሳርፋል።

ያልነገደም ሚዛን አለው

እስካሁን ያነበበ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህር፣ የቤት እመቤት ወይም ካህን፣ «እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ ይህ ትምህርት እኔን አይመለከትም» እንዳይል እንለምናለን። ሁላችንም ከረጢት አለን፤ በከረጢታችንም ድንጋይ አለ።

ገዢም ሚዛን አለው። በመጽሐፈ ምሳሌ 20፥14፣ ገዢ ሲገዛ ዕቃውን እያናነቀ፣ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው እንደሚመካ ተጽፏል። ከገጠር ዶሮና ዕንቍላል ይዛ የመጣችውን፣ መሽቶባት የተቸገረችውን ሴት፣ ችግሯን አይቶ በግማሽ ዋጋ የሚያስለቅቃት ሰው፣ ሚዛን ባይዝም በሁለት ሚዛን መዝኗል።

ሠራተኛም ሚዛን አለው። ደመወዙን በሙሉ ተቀብሎ ሰዓቱን በጎደሎ የሚሰጥ፣ ባለ ጉዳይን «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ፣ ሲቀበል ትልቁን ድንጋይ፣ ሲሰጥ ትንሹን ድንጋይ አውጥቷል።

አሠሪም ሚዛን አለው። በቤቱ የምታገለግለውን ልጅ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አሠርቶ፣ ደመወዟን ከወር ወደ ወር የሚያሳልፍ ሰው የፈርዖንን ሚዛን ይዟል። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5፥4 የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጸባኦት ጆሮ እንደሚደርስ ያስጠነቅቃል። ጻድቁ ጦቢትም ለልጁ ለጦብያ ከሰጠው ምክር አንዱ የሠራተኛን ደመወዝ እንዳያሳድር ነው።

ከሁሉ የሚሰወረው ግን የምላስና የፍርድ ሚዛን ነው። የራሳችንን ቍጣ «ቅንዓት» እያልን የባልንጀራችንን ቍጣ «ትዕቢት» እንለዋለን። የልጃችንን ጥፋት «ልጅነት ነው» ብለን አልፈን፣ የጎረቤትን ልጅ «ባለጌ» እንላለን። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 7፥2 በምንሰፍርበት መስፈሪያ ተመልሶ እንደሚሰፈርልን ያስተማረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በዓይናችን ያልታየ አንድ መስፈሪያ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ ሠሪዎቹም እኛው ራሳችን ነን።

የጦቢት ትምህርት

ስለ ሌላው ሰው ሚዛን ስናስብ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ጦቢት ዓይኑ በታወረ ጊዜ ሚስቱ ሐና በእጅ ሥራዋ ትረዳው ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ጠቦት ጨምረው ሰጧት። ጦቢት የጠቦቱን ድምፅ በሰማ ጊዜ የስርቆት እንዳይሆን ሰግቶ ለባለቤቱ እንድትመልሰው አዘዛት፤ ስጦታ መሆኑን ብትነግረውም አላመናትም። እርሷም ተቈጥታ መለሰችለት፤ እርሱም አዝኖ አለቀሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ወደ ቤታችን የሚገባው እንጀራ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ የጻድቃን ልማድ ነው፤ ባልም ሚስትም «ይህ ከየት መጣ?» ለመባባል ሊያፍሩ አይገባም። ነገር ግን ጦቢት በዚያ ቀን ተሳስቶ ነበር፤ ሚስቱ ንጽሕት ነበረች። ስለዚህ የራሳችንን ሚዛን በጥርጣሬ፣ የባልንጀራችንን ሚዛን በፍቅር እንመርምር። ይህንን ጽሑፍ አንብቦ የጎረቤቱን ሱቅ እያሰበ የሚነሣ ሰው ካለ፣ ትምህርቱን ገና አልጀመረውም።

የጐደለውን ስለ መሙላት

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ ልቡ ተነክቶ፣ «እኔ ለብዙ ዘመን እንዲህ ሳደርግ ኖሬአለሁ፤ እንግዲህ ምን ላድርግ?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው ቤተ ክርስቲያን የተስፋ መንገድ አላት እንጂ የተስፋ መቍረጥ መንገድ የላትም። በኢያሪኮ የነበረው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ሁለት ነገር ተናገረ። የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ ያታለለው ሰው ቢኖር ደግሞ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ 19፥8)። ምጽዋትና መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዘኬዎስ እንማር። ምጽዋት ከራስ ገንዘብ ይሰጣል፤ የሰው ገንዘብ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል። የሰውን ገንዘብ ይዞ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው በሌላው ሰው ከረጢት ቸር የሆነ ነው።

በኦሪት ዘኍልቍም ምዕራፍ 5 ከቍጥር 6 እስከ 8፣ የበደለ ሰው ኀጢአቱን ተናዝዞ፣ የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለተበደለው እንዲመልስ ታዝዟል። የሚቀበል ቢጠፋ ግን ለእግዚአብሔር በካህኑ እጅ ይሆናል። ስለዚህ የበደለውን የሚያውቅ ሰው ሄዶ ይመልስ። ገዢዎቹ ብዙ ሆነው ሊያገኛቸው የማይችል ነጋዴ ደግሞ ወደ ንስሓ አባቱ ቀርቦ ነገሩን ሳይሸፍን ይንገር፤ በእርሳቸውም ምክር ለድሆች ይመልስ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ሚዛኑን ያቅና።

ካህናት አባቶችም በንስሓ ጊዜ ስለ ጾምና ስለ ስግደት እንደምንጠይቅ ሁሉ ስለ ሚዛንም እንጠይቅ። የንስሓ ልጃችን ነጋዴ ከሆነ ስለ መስፈሪያው፣ አሠሪ ከሆነ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ፣ ዳኛ ከሆነ ስለ ፍርዱ በፍቅር መጠየቅ የእረኝነታችን ሥራ ነው። ስጦታ የሚያበዛውን ሰው ላለማስቀየም ዝም ብንል፣ እኛም ለባለጸጋ አንድ ድንጋይ፣ ለድሃ ሌላ ድንጋይ በከረጢታችን ይዘናል ማለት ነው።

የምርቃት ነገር

በአገራችን ገበያ አንድ መልካም ልማድ አለ። ሻጭ እህሉን በመስፈሪያ ከሰፈረ በኋላ በእፍኙ ጥቂት ጨምሮ ይሰጣል፤ ይህንንም ትርፍ አባቶቻችን «ምርቃት» ብለው ጠሩት። ሽማግሌ ልጁን የሚባርክበት ቃልና ነጋዴ ለገዢው የሚጨምርለት እፍኝ በአንድ ስም መጠራታቸው ታላቅ ትምህርት ነው። ከመስፈሪያው በላይ የሚሰጥ እጅ የሚባርክ እጅ እንደ ሆነ ያሳያልና። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል 6፥38 ለሚሰጥ ሰው፣ የተጠቀጠቀና የተነቀነቀ የተረፈም መስፈሪያ እንደሚሰጠው ተስፋ ሰጥቷል። ነገር ግን ምርቃት ምርቃት የሚሆነው ከሙሉ መስፈሪያ በላይ ሲጨመር ነው። መስፈሪያውን አጕድሎ እፍኝ የሚጨምር ሰው፣ የወሰደውን ጥቂቱን መለሰ እንጂ አልመረቀም። የጾማችን፣ የስግደታችንና የመባችን ነገር እንዲሁ ነው። ፍትሕ በጐደለበት ኑሮ ላይ የሚጨመር አምልኮ በጎደሎ ቍና ላይ እንደሚፈስስ እፍኝ ነው፤ ፍትሕ በሞላበት ኑሮ ላይ ሲጨመር ግን በእውነት በረከት ይሆናል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ነገ ጧት ወደ ሥራችን ከመሄዳችን በፊት ከረጢታችንን እንፍታ። ሁለት ድንጋይ የተገኘበት አንዱን ያውጣ። ጻድቁ ኢዮብ በመጽሐፉ ምዕራፍ 31፥6 እግዚአብሔር በእውነተኛ ሚዛን እንዲመዝነው ሳይፈራ እንደ ለመነ፣ እኛም በዚያች በምታስፈራው ቀን በአንድ ሚዛን የኖርን ሆነን በፊቱ እንድንቆም የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።